ቅዳሜ እቀይርልሻለሁ

ሴፕቴምበር 28

የበረዶውን ባለ ምስማር ጎማዎች ዛሬ ብስክሌቴ ላይ ገጠምኩ። የፊቱንም የኋላውንም። አስፋልቱ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ የዛፉ ቅጠል ገና ቢጫ ሆኖ ቅርንጫፉ ላይ አለ። ጎረቤቴ ኦስሞ በአጥሩ በኩል አንገቱን አስግጎ፣ "አንተ ታውኖ! በረዶው የወረደው ባንተ ግቢ ብቻ ነው እንዴ?" አለኝ።

"ዝም ብለህ ቅጠልህን ጥረግ።"

"ምስማሩን እኮ በባዶ አስፋልት ትጨርሰዋለህ። ድሮ እንዲህ የሚያደርግ ሰው ላይ የምትስቅ አንተ አልነበርክ?"

ነበርኩ። የመጀመሪያው ውርጭ እስኪወርድ የበጋ ጎማውን የማይቀይር፣ ለምስማሩ የሚሳሳ፣ ሰፈሩን ሁሉ ካላስተማርኩ የሚል ጉረኛ እኔ ነበርኩ። ሄልካ ጋ የምሄድበት ሰዓት ስለደረሰ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ።

ኦክቶበር 8

ጎማዬ ተነፈሰ። በአውቶቡስ ሄድኩ። ምነው በቀረብኝ።

ሚስቴ ሄልካ ያለችበት የአረጋውያን መጦሪያ ከወንዙ ማዶ ነው፤ ከቤቴ ስድስት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስገባ እንደ ሁልጊዜው መስኮቷ ሥር ተቀምጣ የብስክሌቱን መንገድ ታያለች። "ሄልካዬ" አልኳት። ዞር ብላ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "ማንን ፈልገው ነው?" አለችኝ። ወንበሬን ሳብ አድርጌ ልቀመጥ ስል ደግሞ፣ "ይቅርታዎን፣ እሱ የባሌ ወንበር ነው። አሁን ይመጣል" አለች።

ሃምሳ አንድ ዓመት አብረን ኖረን አንቱ አለችኝ።

ነርሷ ሪያ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝና፣ "አይዘኑ፣ አንዳንድ ቀን እንዲህ ያደርጋቸዋል" አለችኝ። እሺ አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ?

ኦክቶበር 9

ጎማውን ለጥፌ በብስክሌት ሄድኩ። መስኮቷ ፊት ለፊት ካለው የብስክሌት መሿለኪያ ብቅ ስል በመስኮቱ እጇን ታውለበልባለች!

ስገባ፣ "ይይዛል?" አለችኝ። በኛ ቤት ሰላምታ ይህ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በብስክሌት ፖስታ ያደለች ሴት ናት፤ ደህና ዋልክ ከማለቷ በፊት መንገዱ ጎማ ይይዛል ወይ ብላ ነው የምትጠይቀው።

"ይይዛል" አልኳት።

"ታዲያ ምን አቆየህ፣ ሽማግሌው?"

ጉንጬን ሳመችኝ። ሄል ያለበትን ዳቦ ቆርሰን በላን። ተመስገን።

ኦክቶበር 14

የምታውቀኝ በልብሴ ይሆን ብዬ ለማረጋገጥ፣ ዛሬ ስነዳ የማደርገውን ባለ ጆሮ ኮፍያና ቢጫ ሰደርያ ለብሼ በአውቶቡስ ሄድኩ። አልሆነም። "የመንገድ ሠራተኛ ነዎት?" አለችኝ።

ነገሩ ገባኝ እንግዲህ። እሷ የምታውቀው ከመሿለኪያው የሚወጣውን ብስክሌተኛ ነው። እሱን ካየች በኋላ የሚገባው ሰው እኔ ነኝ። ብስክሌቱ ከሌለ እኔም የለሁም።

ለልጃችን ለሚርቫ አልነገርኳትም። እናትሽ አታውቀኝም ብዬ በገዛ አፌ? ምላሴ አይታዘዝልኝም።

ኦክቶበር 19

ሁለት ዓመት ሞላ። ዛሬ አልጽፍም።

ኖቬምበር 6

በረዶው ወረደ። ሚርቫም ተከትላው ደረሰች። ጫማዋን ሳታወልቅ ጀመረችኝ።

"አባዬ፣ ሰባ አራት ዓመትህ ነው።"

"መቁጠር እችላለሁ።"

"አውቶቡሱ በርህ ላይ ይቆማል። አውቶቡስ ካስጠላህ ደግሞ እኔ ማክሰኞና ቅዳሜ በመኪና እወስድሃለሁ። ምን አለበት?"

"ብስክሌት ለጤናዬ ጥሩ ነው። ሐኪሙም ብሎኛል።"

ሐኪሙ ያለኝ ሌላ ነው። ዓይንህ አይበቃም ብሎ መንጃ ፈቃዴን ያስነጠቀኝ እሱ ነው። ሚርቫ ፊቴን አየት አድርጋ፣ "ግትር!" አለችና ሾርባውን ልታሞቅ ሄደች። አወዳድሬ አልጨርስም፣ ውሸቴ ይሻላል ወይስ እውነቱ?

ኖቬምበር 23

ዛሬ ቁጭ ብዬ አደጋውን በደንብ አሰብኩት። እንደ ትልቅ ሰው።

ሰው የሚፈራው ብርዱን ነው። ሞኝነት ነው! ከዜሮ በታች ሃያ ሲሆን በረዶው ከጎማው ሥር ይጮኻል፣ ምስማሩ ነክሶ ይይዛል፤ ሕፃን ልጅም ይነዳበታል፣ የኛ ከተማ ሕፃናት ትምህርት ቤት የሚሄዱት እንደዚያው ነው። የሚያስፈራው ዜሮ ነው። ቀን ቀልጦ ሌሊት የሚረጋው። በረዶ ላይ የሚዘንበው ዝናብ። የድልድዩ መሐል፣ ከሥር ነፋስ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሃምሳ ክረምት ነድቻለሁ።

ያን ጊዜም አውቅ ነበር።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ማክሰኞ ቀን ነው ሄልካ የነገረችኝ። "ታውኖ፣ ውርጭ ሊወርድ ነው አሉ፣ ጎማዬን ቀይርልኝ" አለች። ሶፋው ላይ ተጋድሜ ነበር። ጎማዎቹ ዕቃ ቤት ተሰቅለዋል፣ ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። "አስፋልቱ ባዶ ነው፣ ምስማሩን በከንቱ ለምን እንጨርሰዋለን። ቅዳሜ እቀይርልሻለሁ" አልኳት። እሷም እሺ አለች። ሁልጊዜ እሺ ትለኛለች።

ሐሙስ ጠዋት ድልድዩ ላይ ጤዛው ረግቶ ነበር፤ ዓይን አያየውም። ዳቦ ልትገዛ ነው የሄደችው። ጭንቅላቷ ከድልድዩ ብረት ጋር ተላተመ።

ቅዳሜ ቀየርኩት። ሐኪም ቤት ተኝታ እያለች ሁለቱንም ጎማ ቀየርኩላት። ለማን እንደሆነ እንጃ።

ሐኪሙ የመርሳት በሽታው ከመውደቋ በፊት የጀመረ ነው፣ በአንጎሏ ምርመራ ይታያል ብሏል። ሚርቫም ሦስት ጊዜ አስረድታኛለች። ሰምቻለሁ፣ ደንቆሮ አይደለሁም። ግን እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ሄልካ የዘመዱን ሁሉ የልደት ቀን በቃሏ ትይዝ ነበር።

ዲሴምበር 12

ከዜሮ በታች 4። በረዶ ጠራጊው መኪና አላለፈም። መሿለኪያው ውስጥ እንዳያንሸራትት የሚበተነው ጠጠር የለም። ነድቼ ደረስኩ። "ይይዛል?" "ይይዛል።" ስመለስ ጨልሞ ነበር። ጉልበቴን ያመኛል።

ዲሴምበር 24

ሚርቫ ያመጣችልኝን ስጦታ ስፈታው ጫማ ላይ የሚታሰር ምስማር ነው። ላስቲክ አለው፤ ከጫማው ሥር ይለጠጣል።

"ብስክሌቱን እንደማትተው ገብቶኛል" አለች። "ቢያንስ ስትወርድ እግርህን ይያዝልኝ።"

"ይሄ የሽማግሌ ዕቃ አይደለም እንዴ?"

"ታዲያ አንተ ምንድን ነህ፣ አባዬ? ጎረምሳ?"

ሳቅን። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እንደ ገና ዋዜማ ልማዳችን በዘመዶቻችን መቃብር ላይ ሻማ አብርተን፣ ከዚያ ሁለታችንም ሄልካ ጋ ሄድን፤ ልጄ በመኪና፣ እኔ በብስክሌት። ሚርቫ መንገዱን ሙሉ በቀስታ ከጎኔ እየነዳች በመስታወቱ ትቆጣኝ ነበር። ሄልካ እኔን አየችና ደስ አላት፤ ሚርቫን ግን "ይህች ቆንጆ ልጅ ማን ናት?" አለች። ሚርቫ መታጠቢያ ቤት ገብታ ብዙ ቆየች።

እኔ ታወቅኩ። ልጄ እያለቀሰች ልቤ ተደሰተ። አፍሬያለሁ፣ ግን እውነቱ ይህ ነው።

ጃንዋሪ 9

ከዜሮ በታች 31! ቅንድቤ በረዶ ሆኖ ገባሁ። ሄልካ በሁለት እጇ ፊቴን ያዘችና እስኪቀልጥ አልለቀቀችኝም። "አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን አፍንጫህን መንገድ ላይ ጥለህ ትመጣለህ" አለች። ሪያ በር ላይ ቆማ ትስቃለች።

ከዚህ የተሻለ ቀን ከየት ይመጣል?

ጃንዋሪ 27

ዝናብ። በረዶ ላይ ዝናብ። ዜሮ ዲግሪ። ኦስሞ ቆሻሻ ሊጥል ወጥቶ ከበሩ እስከ ገንዳው በእንብርክኩ ሄደ፤ አላጋነንኩም። "ዛሬ ከወጣህ እኔ ራሴ ለሚርቫ እደውላለሁ" አለኝ።

አመዛዘንኩ። ብወድቅ፣ ወር ሙሉ አላያትም። ብቀር፣ አንድ ቀን ብቻ ነው። ቀረሁ። ትክክል ነው፣ ማንም ይህን ይላል።

ጃንዋሪ 28

ትክክል አልነበረም። ሪያ ነገረችኝ፤ ሄልካ ትናንት ከሰባት ሰዓት እስከ እራት መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር። ተቀመጪ ቢሏት እምቢ። "ድልድዩ ላይ ወድቆ ይሆናል፣ ሰው ላኩ" ስትል ዋለች አሉ። ዛሬ አንድም አታስታውስም። እኔ ግን አስታውሳለሁ።

ከእንግዲህ ዜሮም ቢሆን እሄዳለሁ።

ፌብሩዋሪ 7፣ ሆስፒታል

ማክሰኞ ወደቅኩ። የዳሌ አጥንት። ብረት አስገብተውበታል። እጄ ደህና ስለሆነ ልጻፈው።

ስነዳ አይደለም የወደቅኩት። ይህ ነው የሚያናድደኝ! ድልድዩን አለፍኩ፣ ቁልቁለቱን አለፍኩ፣ መሿለኪያው ውስጥ ያለውን ውሃ አለፍኩ። ጎማው አንድ ጊዜ እንኳ አልከዳኝም። መስኮቷ ሥር ደረስኩ፣ ሄልካ እጇን አነሳች፣ እኔም ላውለበልብላት ቆምኩና እግሬን መሬት አወረድኩ። ባዶ ጫማዬን። የሚርቫ ስጦታ መሳቢያው ውስጥ ነው።

ሃምሳ ክረምት የነዳ ሰው ለጎማው ሁለት መቶ ምስማር ሰክቶ ለእግሩ አንድ አይሰካም። የኛ ሰው ኩራት እንዲህ ነው።

መሬት ላይ ሆኜ ቀና ስል ሄልካ መስታወቱን በጡጫ ትደበድባለች። ድምፁ አይሰማም። አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየሁ።

ፌብሩዋሪ 19

ሚርቫ በየቀኑ ትመጣለች። አንድ ጊዜም "ብዬህ ነበር" አላለችም። ብትል ይሻለኝ ነበር።

"እማዬ እንዴት ናት?" አልኳት።

"ደህና ናት። ትበላለች።"

"መስኮቱ ጋ ትቀመጣለች?"

ብርቱካኑን መላጥ አቁማ አየችኝ። "እንዴት አወቅህ? ከዚያ አልነሳ ብላለች አሉ።"

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ማርች 12

ቤት ገባሁ። በሁለት ክራንች። ከአልጋ ወጥ ቤት አሥራ አንድ እርምጃ። ሐኪሙ ብስክሌት መንዳትን እርሱት አለኝ። መንዳት ማለት ለኔ ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ማርች 30

ሚርቫ እማዬ ጋ ልውሰድህ ትላለች። ዛሬ ደከመኝ አልኳት፣ ትናንት ራሴን አመመኝ አልኳት። ውሸት አልቆብኛል። ፈሪ ነኝ፣ ሌላ ምንም አይደለም። እስክሄድ ድረስ ሄልካ ባሏን እየጠበቀች ነው። ስሄድ ግን እንግዳ ሰው ነው የሚገባባት።

ኤፕሪል 11

ሄድኩ። ሁሉንም ልጻፈው።

ሚርቫ መኪና እስክታቆም እኔ በክራንቼ ቀደምኩ። ሄልካ ከስታለች። ፀጉሯን ሪያ በደንብ አበጥራላታለች። ስታየኝ በጨዋ ደንብ ብድግ ልትል ሞከረች።

"ይግቡ፣ ይቀመጡ። በዚያ ወንበር ይሁን፤ ይህኛው የባሌ ነው። እግርዎን ምን ሆነው ነው?"

"በረዶ አንሸራቶኝ።"

"ውይ!" አለች። በሩን አየት አደረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እኔም ወድቄ አውቃለሁ። ሐሙስ ቀን ነው፣ ድልድዩ ላይ" አለችኝ።

ክራንቼን አጥብቄ ያዝኩ። ሁለት ዓመት ተኩል ስለዚያ ቀን አንድ ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ረስታዋለች ብለን ነበር።

"ባሌ ጎማሽን ቅዳሜ እቀይርልሻለሁ ብሎኝ ነበር" አለች። "ሰነፍ እንዳይመስልዎት። ለዕቃ ስለሚሳሳ ነው እንጂ።"

"ተቀየሙት?" አልኩ።

"ማንን? ታውኖን? እሱ ምን በወጣው! ቸኩዬ ፍሬን የያዝኩት እኔ ነኝ። ድልድይ ላይ ፍሬን እንደማይያዝ የማያውቅ ፖስተኛ አለ?" ሳቅ አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እጅጌዬን ያዘችኝ። "አደራዎን፣ ሲመጣ እንዳይነግሩት። መውደቄን ካወቀ ራሱን ይበላል። ጉረኛ ይመስላል እንጂ ሆደ ቡቡ ነው።"

"አልነግረውም።"

"ይማሉ?"

"እምላለሁ።"

እጅጌዬን ለቀቀችኝ። ሁለታችንም ፊታችንን ወደ መስኮቱ አዙረን ተቀመጥን። መንገዱ ላይ ማንም የለም።

"ዛሬ ቆየብኝ" አለች።

"ይመጣል" አልኳት።

መኪናው ውስጥ ፈነዳሁ። የአውቶቡሱን፣ የኮፍያውን፣ በሐኪሙ ስም የዋሸኋትን፣ ሁሉንም ለሚርቫ ነገርኳት። ድልድዩንና የዛሬውን ብቻ አስቀረሁ፤ ምያለሁ። ሚርቫ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ አለቀሰች።

"አባዬ፣ መኪናዬ ላይ የብስክሌት መስቀያ አለ እኮ! ከመሿለኪያው ወዲያ አወርድህ ነበር። ክረምቱን ሙሉ! መቶ እርምጃ ብቻ ነበር የምትነዳው። ለምን አልነገርከኝም?"

ለምን አልነገርኳትም? ክረምቱን ሙሉ ድልድዩን፣ ውርጩን፣ ዝናቡን ስመዝን ለልጄ መናገርን አንድ ቀን ሚዛን ላይ አላስቀመጥኩትም። ወይም ደግሞ ያን ድልድይ በየቀኑ መሻገር የፈለግኩት እኔው ነኝ። እንጃ። በዚህ ላይ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ኤፕሪል 18፣ ቅዳሜ

የክረምቱን ጠጠር ከመንገድ እየጠረጉ ነው። አቧራው ለጉድ ነው። ኦስሞ መጥቶ ብስክሌቴን ከሚርቫ ጋር መኪናው ላይ ሰቀለው። ባለ ምስማሮቹ ጎማዎች አሁንም እንደተገጠሙ ናቸው፤ አስፋልቱ ባዶ ነው። አያቸው፣ እኔንም አየኝ፣ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ኦስሞ!

ሚርቫ ከመሿለኪያው ወዲያ አወረደችኝ። ክራንቹን መኪናው ውስጥ ተውኩት፤ መሪውን በሁለት እጄ ተደግፌ ብስክሌቱን እየገፋሁ ሄድኩ። ኮፍያዬን አድርጌአለሁ፣ ላቤ ይወርዳል። ምስማሩ አስፋልቱ ላይ ይንቋቋል። ከመሿለኪያው ወጣሁ። ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። ከዚያ አየሁ።

እጇን እያውለበለበች ነው።

"ይይዛል?" አለችኝ ስገባ።

"ይይዛል።"

"ታዲያ ምን አቆየህ፣ ሽማግሌው?"

አሥር ሳምንት ነው ያቆየኝ። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሄል ያለበትን ዳቦ አወጣሁ። መማሌን አውቃለሁ፣ ግን የማለው ያ እንግዳ ሽማግሌ ነው፤ እኔ ባሏ ነኝ፣ እኔ ዕዳ አለብኝ። ዛሬ ካልወጣኝ መቼም አይወጣኝም ብዬ ተናገርኩ።

"ሄልካ፣ ያን ጊዜ ጎማሽን ማክሰኞውኑ ብቀይርልሽ ኖሮ ሐሙስ ድልድዩ ላይ አትወድቂም ነበር። ይቅር በይኝ።"

ትኩር ብላ አየችኝ። ዓይኗ ጥርት ያለ ነበር፤ እንደ ድሮው። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

"እኔ? ሠላሳ ዓመት ፖስታ አድዬ አንድ ቀን ከብስክሌት ወድቄ አላውቅም። ማን ነው እንዲህ ያለህ?"

"ማንም አላለኝም።"

"ክራንች የያዘ አንድ ሽማግሌ እዚህ ይመጣል" አለች። "እሱ ይሆናል። ወሬኛ ነገር ነው፣ አትመነው።"

"አላምነውም" አልኳት።

ዳቦውን ቆርሳ ትልቁን ግማሽ ለኔ ሰጠችኝ።